የወንጀል ፍትሕ ማስተርስ በሐዋሳ፣ ቅዳሜና እሁድ

"ሐዋሳ ላይ በወንጀል ፍትሕ ማስተርስ ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ?" ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ ይኸው ያየሁትን። የተቋሙን ስም አልጠራም፣ ወቀሳም ስላለበት።

ሥራ ላይ ላለ ዐቃቤ ሕግ፣ ዳኛ፣ መርማሪ ፖሊስ ወይም የማረሚያ ቤት ባልደረባ ገንዘቡን ያወጣል። ከመጀመሪያ ዲግሪ ቀጥታ ለሚመጣ ግን መጀመሪያ ትንሽ ፍርድ ቤት ተመላልሶ ቢመጣ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ምክንያቱም ግማሹ ትምህርት ያለው አጠገባችሁ ከተቀመጠው ሰው ዘንድ ነው። አንድ ቅዳሜ የ48 ሰዓት ነገር ተነሣ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ ይህን የማያውቅ የለም። ከገጠር ወረዳ የሚመጣ አንድ ኢንስፔክተር "ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት፣ መኪናው ተበላሽቶ፣ እኔ ምን ላድርግ?" ብሎ ምርር አለ። አንዲት ዳኛ ጸጥ ብላ ሰማችውና "ኢንስፔክተር፣ ለጉዞ የሚያስፈልገውንማ ሕጉ ራሱ ከ48ቱ ውጭ አድርጎልዎታል፤ እኔ የምጠይቅዎ መኪናው ከመበላሸቱ በፊት ስላለፈው ቀን ነው" አለችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር ግን የሳቅ አልነበረም፣ ምሳ ሰዓት ገፍቶም አላለቀ።

ከኮርሶቹ የቅጣት አወሳሰኑን የሚያህል የለም። መምህሩ ስሙ የተሰረዘ የባጃጅ ስርቆት መዝገብ አምጥቶ ለሦስት ቡድን አከፋፈለን። የ2006ቱን የተሻሻለ የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ይዘን፣ ማቅለያ ፍለጋ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 82፣ ማክበጃ ፍለጋ አንቀጽ 84 እየገለበጥን፣ ሌሊት ነው የተፈጸመው ይከብዳል፣ የቀድሞ ጥፋት የለበትም ይቀላል እያልን በመመሪያው የቅጣት እርከኖች ላይ ስንወጣና ስንወርድ ዋልን። ሕጉ አንዴ የወንጀሉ አካል አድርጎ የቆጠረውን ምክንያት ዳግም ለማክበጃ አትጠቀሙ ይላል፤ የቱ ተቆጥሯል የቱ አልተቆጠረም የሚለው ላይ ነው የተለያየነው። ሦስቱ ቡድን ሦስት የተለያየ ቅጣት ይዞ መጣ። አንድ መዝገብ፣ አንድ መመሪያ! ተከሳሹ ቢያየን ምን ይል ይሆን?

የሥነ ሥርዓቱ ኮርስ እንዲህ አይደለም። የ1954ቱን የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ከስላይድ ላይ ማንበብ ነው፣ አለቀ።

የሚያናድደኝ ደግሞ ሲዳማ ውስጥ ቁጭ ብለን አፊኒን፣ የሲዳማን ባህላዊ የዳኝነት ሥርዓት፣ በአንድ ከሰዓት ነካክተን ማለፋችን ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው እውነቱን አጣርተው ጉዳይ የሚጨርሱበት ሥርዓት እዚሁ ደጃችን እያለ፣ የ2003ቱ የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲም ከመደበኛው ክስ ውጭ ስለሚያልቁ ጉዳዮች እያወራ፣ እኛ የውጭ አገር ምሳሌ ስንቆጥር ሰነበትን። ቢያንስ አንድ ሽማግሌ ጋብዘው ቢያናግሩን ምን ነበረበት?

ጥናታዊ ጽሑፉ ላይ ደግሞ ትዕግሥት ስንቁ። አማካሪዬ ረቂቄን ተቀብሎ ክረምቱ አለፈ፣ ስደውል "እንደገና ላክልኝ" አለኝ። ልኬ እንደገና ጠበቅሁ። ሌላው ፍርድ ቤት ገብቶ መዝገብ ማየት ነው፤ የድጋፍ ደብዳቤ ይዛችሁም ቢሆን ከቢሮ ቢሮ ትመላለሳላችሁ። ርዕስ ስትመርጡ ውሳኔው በእጃችሁ የሚገባ ነገር ላይ አተኩሩ። የሰበር ሰሚ ችሎት (መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚያርመው ችሎት) ውሳኔዎች በቅጽ ታትመው ስለወጡ ብዙ ሰው በእነሱ ላይ መሥራቱ አይገርምም።

ለማንኛውም መጀመሪያ ጋት (GAT)፣ ማለትም አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ማለፍ አለባችሁ፣ ያለሱ ወሬ የለም። ከዚያ ከመመዝገባችሁ በፊት ሬጅስትራርን አትጠይቁ፣ ቀደም ያለውን ባች ፈልጋችሁ አማካሪ ማን እንደሚደርሳቸውና ስንቱ በጊዜው እንደጨረሰ ጠይቁ። የክፍያ ደረሰኞቻችሁን በሙሉ ያዙ፤ ስትጨርሱ ለክሊራንስ (ከዕዳ ነፃ መሆናችሁን ለሚያሳየው ማረጋገጫ) ስትሄዱ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ደረሰኝ ሳይቀር ይጠይቋችኋል።