ጎን ለጎን፣ ፎቅ ወይስ ኮንቴይነር? ትንሽ ቤትና ወርክሾፕ አንድ ላይ መስራት ለምታስቡ

ሰሞኑን የሚደውልልኝ ሁሉ ጥያቄው አንድ ሆኗል። «ወርክሾፑን ምድር፣ ቤቱን ፎቅ ላይ ላድርገው? ወይስ ኮንቴይነር ገዝቼ ልገላገል?» መልሴም አንድ ነው። ቦታው ካላችሁ ጎን ለጎን ስሩት። አንድ ረዘም ያለ ቤት፣ አንድ ጣሪያ፣ መሀሉ ላይ አንድ ደህና ግድግዳ፣ አለቀ።

እስቲ ወጪውን እንየው። ወርክሾፑም መኖሪያውም 6 በ6 ሜትር ይሁኑ። ለየብቻ ካቆማችኋቸው 48 ሜትር ግድግዳ ትሰራላችሁ። ካያያዛችኋቸው የውጪው 36፣ የጋራው 6፣ በድምሩ 42 ይሆናል። ፎቅ ካደረጋችሁትስ? ታች 24፣ ላይ 24፤ ተመልሶ 48።

«ፎቅ ሲሆን እኮ ጣሪያው በግማሽ ይቀንሳል» የሚል አይጠፋም። ይቀንሳል። ግን ከጣሪያው የተረፈውን ሶሌታው፣ ማለትም በታችና በላይ መሀል ያለው የኮንክሪት ወለል፣ ይውጠዋል። ፌሮው፣ ኮለኑ፣ ቢሙ፣ ሲሞላ የሚደግፈው እንጨት፣ ያንን ሁሉ ክብደት የሚሸከመው መሠረት አለ። ምድር ላይ ያለ ወለል ግን የተጠቀጠቀ ድንጋይና ከላዩ ስስ ኮንክሪት ነው። ደረጃውንም አትርሱ። 3 ሜትር ለመውጣት፣ ስፋቱ 90 ሴንቲ ቢሆን እንኳ፣ 4 ካሬ ገደማ ይይዛል። ከ36 ካሬ ላይ 4 ካሬ ታች፣ 4 ካሬ ላይ መስጠት ቀላል አይደለም።

ለኔ ግን ከገንዘቡ የሚብሰው ጭሱ ነው። የብየዳ ጭስ፣ የቀለም ሽታ፣ የግራይንደር ጩኸት፣ ሁሉም ወደ ላይ ይወጣል፤ ላይ ያለው ደግሞ መኝታ ቤታችሁ ነው። መሬቱ ጠባብ ሆኖ ፎቅ የግድ ከሆነ ቢያንስ ደረጃውን ከውጭ አድርጉት። እሳት ቢነሳ በወርክሾፑ ውስጥ አልፋችሁ መውጣት የለባችሁም። ሌላም አለ። ጎን ለጎን ሲሆን ዘንድሮ ወርክሾፑን፣ ገንዘብ ሲገኝ ቤቱን መቀጠል ይቻላል። ፎቅ ግን ገና ከመሠረቱ የላይኛውን ክብደት ወጪ አስቀድሞ ያስከፍላችኋል።

ወደ ኮንቴይነሩ። ፎቶ ላይ ያምራል፣ አልክድም። ውስጡ ግን 2.35 ሜትር ገደማ ስፋት ነው ያለው፤ የመደበኛው ከፍታ ደግሞ 2.39። አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ 1.22 በ2.44 ነው። ልታቆሙት ብትሉ ከኮንቴይነሩ ከፍታ በ5 ሴንቲ ይበልጣል፤ አይቆምም። አስተኝታችሁ ልታዞሩት ብትሉ ከጥግ እስከ ጥግ 2.73 ሜትር ስለሆነ ግድግዳውን ይመታል። እንግዲህ አናጢ ሆኖ ኮምፔንሳቶ ማዞር የማይችልበት ወርክሾፕ ምን ያደርግለታል? ከፍ ያለው ዓይነት ቁመቱን ይፈታዋል፤ ስፋቱ ግን ያው ነው። ሁለቱን አጋጥሜ መሀሉን እቆርጣለሁ የሚሉም አሉ። የተጣጠፈው ላሜራ ራሱ ጉልበት ስላለው ሲቆረጥ በብረት ፍሬም መልሶ መጠገን አለበት። የክሬኑ፣ የቆራጩ፣ የበያጁ፣ የሙቀት መከላከያው ሂሳብ ሲደመር ርካሽ የተባለው ዕቃ ርካሽ መሆኑ ይቀራል። መከላከያ ካልለበሰ ደግሞ ሌሊት ብረቱ ያልበዋል፤ መሣሪያችሁም ይዝጋል።

አሁንም እገዛለሁ ካላችሁ አዲስ ቀለም የተቀባውን ተጠራጠሩ። ቀለም ዝገት መሸፈኛ ነው። ቀን በጠራራ ፀሐይ ውስጡ ግቡና በሩን ዝጉ። ብርሃን የምታዩበት ቀዳዳ ሁሉ ነገ ውሃ ያስገባል። ቀጥሎ ጎንበስ ብላችሁ ከወለሉ ስር ያሉትን አግዳሚ ብረቶች በመዶሻ መታ መታ አድርጉ፤ የበሰበሰው ድምፁ ይለያል። ኮንቴይነር አዋጪ የሚሆነው መሬቱ የኪራይ ሲሆን ነው፤ ስትለቁ ጭናችሁት ትሄዳላችሁ።

ጎን ለጎን ላላችሁ ደግሞ ሁሉ ነገር የሚወሰነው በመሀሉ ግድግዳ ነው። በብሎኬት ስሩት፣ ሁለቱንም ፊት ልሰኑት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እስከ ጣሪያው ቆርቆሮ ድረስ አድርሱት። አንድ ወዳጄ ቤት ግንበኞቹ ኮርኒሱ ጋ ሲደርሱ አቆሙ። ሁለት ረድፍ ብሎኬት ሳይገነባ ቀረ። አሁን የመጋዙ ድምፅ በኮርኒሱ ላይ ዞሮ ይገባል፣ ዱቄቱም አብሮት። መታጠቢያ ቤቱንና ዕቃ ቤቱን ከግድግዳው ጋር አስጠጓቸው፤ ድምፅ ይቀንሳሉ፣ ቧንቧውም አንድ ቦታ ይሰበሰባል። በዚያ ግድግዳ ላይ በር አታውጡ። በውጭ ዞሮ መግባት አይገድልም። ኮምፕሬሰሩንም ግድግዳው ላይ አትግጠሙት፤ ንዝረቱ በብሎኬቱ ይሻገራል።

የወርክሾፑ ወለል ከመኖሪያው 10 ሴንቲ ዝቅ ይበል። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ነው የሚሄደው። ጄኔሬተር ካለ ውጭ፣ ከመስኮት ርቆ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ተኝታችሁ ሳለ ይገድላል።

የመጨረሻው ገመድ ነው፤ ፎርጅድ የሞላበት እዚህ ላይ ነው። የወርክሾፑ መስመር ከቤቱ ተለይቶ የራሱ ብሬከር ይኑረው። ለሶኬት 2.5፣ ለብየዳ ማሽን እንደ ማሽኑ ጉልበት 4 ወይም 6 ካሬ ሚሊ ገመድ ይገባል። ቁጥሩ ፕላስቲኩ ላይ ስለተጻፈ ብቻ አትመኑ። ዘመዴ ባለ 2.5 ተብሎ የገዛው ጥቅልል ሶኬት ላይ የሚሰካ ማሽን ሲያስነሳ ይግል ነበር። ጫፉን በምላጭ ስንፍቀው ከቀዩ ቀለም ስር ነጭ አሉሚኒየም ወጣ። የሸጠለት ሰው «ሁሉም እንዲህ ነው» አለው። ሁሉም እንዲህ አይደለም። ከባለ አንዱ ሽቦ 2.5 ገመድ 100 ሜትር ላይ ያለው መዳብ ብቻውን 2.2 ኪሎ ይመዝናል። ጥቅልሉ ከነፕላስቲኩ ከዚያ ካነሰ ወይ መዳቡ ቀጥኗል፣ ወይ ርዝመቱ ጎድሏል፣ ወይ መዳብ አይደለም። ስትሄዱ የእጅ ሚዛንና ምላጭ ያዙ። «አይፋቅም» የሚል ሻጭ ከሆነ ቀጣዩ ሱቅ ግቡ።