ለቤተ መቅደሱም ለኮራሉም የሚሆን ካሜራ፦ የትኛውን እንግዛ?

የካርናክ ቤተ መቅደስን ዓምዶች አይቶ ወደ ቀይ ባሕር መውረድ፣ ከዚያም በኮራሎቹ መካከል መዋኘት ግብፅን ለሚጎበኝ ሰው የታወቀ ጉዞ ነው። ለእንዲህ ያለው ጉዞ ካሜራ መምረጥ ግን ያስቸግራል፤ ሁለቱ ቦታዎች ከካሜራው የሚፈልጉት አይገጥምምና። ቤተ መቅደሱ ግዙፍ ነው፣ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ኮራሉ ዘንድ ያለው ሕይወት ደግሞ ለአፍታም አይረጋም፣ ቀለሙንም ውኃው ይውጠዋል። ስለዚህ ምርጫው ከባሕሩ በኩል ቢጀመር እመርጣለሁ። ድንጋዩ ፎቶ አንሺውን ይታገሠዋል፤ ዓሣው አይታገሥም፤ ውኃ ውስጥ ሆኖ ሌንስ መቀየርም አይቻልም።

የካርናክ ትልቁ አዳራሽ 134 ዓምዶች አሉት፤ በመካከል የቆሙት 12ቱ ወደ 21 ሜትር ይደርሳሉ። ይህን በአንድ ፎቶ ለመያዝ 24 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የሰፋ ሌንስ ያስፈልጋል (ቁጥሩ ሲያንስ እይታው ይሰፋል)። ቀለም የተቀቡ መቃብሮችና ክፍሎች ውስጥ ፍላሽ በብዙ ቦታ የተከለከለ ነው፤ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያም ብዙ ጊዜ ፈቃድ ይጠይቃል። እንግዲህ የሚቀረው መንቀጥቀጥን የሚያርም ሥርዓትና ብርሃን በደንብ የሚሰበስብ ሴንሰር ነው። ግድግዳው ስለማይንቀሳቀስ ማረሚያው ጥሩ የሆነ ካሜራ በአንድ ስምንተኛ ሰከንድ እንኳ በእጅ ተይዞ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል። ጥላና ፀሐይ በሚጋጩበት ቦታ ደግሞ በራው ፋይል፣ ማለትም ሴንሰሩ የያዘውን ሁሉ ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ፋይል፣ ማንሳት ያድናል። ለምሳሌ በካምቦዲያ ያለው የአንግኮር ዋት ቤተ መቅደስ ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ ስትወጣ ከፊት ለፊት የሚታየው ገጽ ጥላ ውስጥ ነው፤ ካሜራው ጨምቆ በሚያስቀምጠው በተለመደው ጄፔግ ብቻ ያነሳ ሰው ከጥላው ውስጥ የሚያወጣው ዝርዝር ጥቂት ነው።

ውኃው ከዚህ ይከብዳል። ከብርሃን ቀለማት መጀመሪያ የሚጠፋው ቀይ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች መደብዘዝ ይጀምራል፣ 10 ሜትር ላይ ሲደርሱ ዓለሙ ሰማያዊና አረንጓዴ ብቻ ይመስላል። ደም የመሰለ ቀይ ስፖንጅ እዚያ ግራጫ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ራው ፋይልን በኮምፒውተር ማስተካከል እስከተወሰነ ጥልቀት ይረዳል፤ ከዚያ በታች ግን ቀለሙን የሚመልሰው ይዘን የምንወርደው ብርሃን ብቻ ነው። በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ቅንጣቶችም ምስሉን ስለሚያደበዝዙ ወደሚነሳው ነገር መቅረብ ግድ ነው፣ ቢቻል ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት። ከሩቅ የሚስብ ረጅም ዙም እዚህ ምንም አይሠራም። የሚያስፈልገው እጅግ ሰፊ ሌንስ ነው፤ ካልሆነም ትንንሽ ፍጥረቶችን በቅርብ የሚያነሳ።

ከዚህ ተነሥተን ካሜራዎቹን እንያቸው።

እንደ ጎፕሮ ያሉት የአክሽን ካሜራዎች ለቪዲዮ ድንቅ ናቸው። ጎፕሮ ሂሮ 12 ያለ ተጨማሪ ሽፋን 10 ሜትር፣ በራሱ የመጥለቂያ ሽፋን ደግሞ 60 ሜትር ይወርዳል። ኤሊ አጠገባችን ሲያልፍ ወይም የዓሣ መንጋ ሲከበን የሚሰጠው ሰፊ እይታ የሚናቅ አይደለም። ለፎቶ ግን አልመክረውም። በጣም ቀርቦ ማተኮር ስለማይችል አኔሞን በሚባለው የባሕር እንስሳ ውስጥ የተደበቀ ክላውን ዓሣ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ በጨለማ የቤተ መቅደስ ክፍልም ምስሉ ይሻክራል።

ውኃ የማይገባው ትንሽ ካሜራ፣ ኦኤም ሲስተም ቲጂ-7፣ ለአብዛኛው መንገደኛ የሚስማማ ይመስለኛል። ያለ ምንም ሽፋን 15 ሜትር ይወርዳል፤ ሌንሱ ከ25 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ሲሆን በሰፊው ጫፍ የብርሃን መክፈቻው ኤፍ 2 ነው (ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ይገባል)፤ በራውም ያነሳል። ከሁሉ የምወድለት በቅርብ የማንሳት ችሎታውን ነው፦ ከሌንሱ 1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ማተኮር ይችላል። የጣት ጥፍር የምታህል የባሕር ቀንድ አውጣን ከነጥቦቿና ከቀንዶቿ ጋር ለማየት ከዚህ ርካሽ መንገድ የለም። ድክመቱ ሴንሰሩ ነው። ስፋቱ 28 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ በቤተ መቅደሱ ግቢ በቀን ያማረ ፎቶ ቢሰጥም፣ ውስጥ ሲገባ ዝርዝሩ ይጠፋል። ሙሉ የእጅ ቁጥጥርም የለውም። በጥልቀት ለሚጠልቅ ሰው 45 ሜትር የሚወርድ ሽፋን ይገኝለታል፤ ሽፋኑ 15 ሜትር ሳይደርስ ውኃ ቢያስገባ እንኳ ካሜራው ራሱ ውኃ የማይገባው ስለሆነ ይተርፋል። ይህ ጥቅም ቀላል አይደለም፤ ከዚህ በታች የማነሳቸው ሁለቱ አማራጮች የላቸውም።

አንደኛው፣ የአንድ ኢንች የሚባለው ሴንሰር ያለው ትንሽ ካሜራ በሽፋን ውስጥ ነው። የሶኒ አርኤክስ100 ተከታታይ ሞዴሎች በጠላቂዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው። የሴንሰሩ ስፋት 116 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የቲጂ-7ን አራት እጥፍ ማለት ነው፤ ልዩነቱ በጨለማ ክፍል ውስጥ ወዲያው ይታያል። እዚህ ላይ ሞዴል መምረጥ ግን ያሻል። ሰባተኛው እስከ 200 ሚሊ ሜትር ይስባል፤ በዓምድ አናት ላይ ያለ ቅርጽ ለማንሳት ይጠቅማል። አምስተኛው 70 ሚሊ ሜትር ላይ ቢቆምም መክፈቻው ከኤፍ 1.8 ይጀምራል። ለዚህ ጉዞ አምስተኛውን እመርጣለሁ፤ በጨለማውም በውኃውም የሚያስፈልገው ብርሃን ነውና።

ሁለተኛው ሚረርለስ፣ ማለትም ሌንሱ የሚቀያየር መስታወት አልባ ካሜራ፣ በሽፋን ውስጥ ነው። በምስል ጥራት ከሁሉም ይበልጣል፤ በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ኤፒኤስ-ሲ የሚባል ሴንሰር 366 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፣ በየብስም ሌንስ እየቀያየሩ መሥራት ይቻላል። ሆኖም ገዢው የካሜራውን ዋጋ ብቻ አይቶ እንዳይወስን አደራ እላለሁ። ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ከካሜራው ይወደዳል፣ ለአንድ ሞዴል ብቻም ይሠራል፤ ካሜራው ሲቀየር ሽፋኑም ይቀየራል። በዚያ ላይ ለሰፊ ሌንስ ጉልላት የመሰለ መስታወት፣ ለቅርብ ሌንስ ደግሞ ጠፍጣፋ መስታወት ያስፈልጋል፤ በጠፍጣፋው በኩል ውኃው ብርሃኑን ስለሚሰብረው ሰፊው ሌንስ ስፋቱን ያጣል። ፍላሾቹን የሚይዙት ክንዶች፣ ሁለቱ ፍላሾችና ባትሪዎቹ ሲጨመሩ አንድ ሻንጣ ይሞላሉ። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው።

ከክብደቱ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም በሕይወት ያለ እንስሳ ነው፤ ድቡልቡል ሆነው የሚያድጉት ብዙዎቹ ዝርያዎች በዓመት የሚጨምሩት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በውኃ ውስጥ ሚዛኑን ጠብቆ ሳይንቀሳቀስ መንሳፈፍ ያልቻለ ጀማሪ ትልቅ መሣሪያ ይዞ ሲወርድ እግሩ ላይ ባለው የመዋኛ ክንፍ የሚሰብረው የብዙ ዓመታት እድገት ነው። እንዲህ ላለው ሰው፣ ገንዘቡ ቢኖረውም፣ ሚረርለስ ከመግዛቱ በፊት የጥልቀት ዋና ትምህርቱን እንዲያጠናክር እመክረዋለሁ።

ስልክን በሽፋን አድርጎ መጠቀምም ይቻላል። የሚነካው ስክሪን ውኃ ውስጥ ስለማይታዘዝ ቁልፍ ያለው ሽፋን መምረጥ ያስፈልጋል። በቤተ መቅደሱ ዘመናዊ ስልክ ከጠበቅነው በላይ ይሠራል፤ ከውኃው ወለል ሳይርቅ በስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ) ለሚዋኝ ሰውም ይበቃል።

ለማን ምን ይሁን? በስኖርክል ብቻ የሚዋኝና ፎቶ የሚወድ ሰው ቲጂ-7ን ይግዛ፤ ሽፋኑን ይተወው። እስከ 30 ሜትር የሚጠልቅ፣ የቤተ መቅደሱንም ውስጥ በደንብ ማሳየት የሚፈልግ ሰው የአንድ ኢንቹን ካሜራ ከሽፋኑ ጋር ይያዝ። ሚረርለስ ፎቶግራፍን ሥራው ላደረገ ወይም በየዓመቱ ለሚጠልቅ ሰው ነው። ገንዘቡ ከሁለት አንዱን ብቻ የሚገዛ ከሆነ፣ ማለትም የተሻለ ካሜራ ወይም የውኃ ውስጥ ፍላሽ፣ ሳያመነታ ፍላሹን ይምረጥ። በቲጂ-7 ላይ የተገጠመ አንድ ፍላሽ፣ ብርሃን ከሌለው ውድ ካሜራ የተሻለ ቀለም ያወጣል። ፍላሹ ከሌንሱ ራቅ ብሎ በክንድ ላይ ይሁን፤ አለበለዚያ በውኃው ያሉት ቅንጣቶች እያንጸባረቁ ፎቶውን በነጭ ነጠብጣብ ይሞሉታል።

ያገለገለ ሽፋን የሚገዛ ሰው የጎማውን ቀለበት አውጥቶ ይመርምር፤ የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ ከሆነ ይቀይረው። ከዚያም ካሜራውን ሳያስገባ ባዶውን ሽፋን ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ነክሮ፣ ውስጡ አንዲት ጠብታ እንኳ አለመግባቷን ይይ። ባሕር ከገባ በኋላም ቁልፎቹ ላይ ጨው እንዳይደርቅ፣ ሳይከፍተው በንጹሕ ውኃ ውስጥ ያቆየው።