ፊደሉ አንድ፣ ሆዱ ሌላ፦ ከሰሚ-ሆሎው ጊታሬ ጋር 11 ወር

ይህን ጊታር ከገዛሁ አስራ አንድ ወር ሆነኝ። ቼሪ ቀለም፣ ሁለት ሀምበከር (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር የፒክአፕ ዓይነት) ያለው፣ ጊብሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሰራውን የኢኤስ-335ን ቅርፅ የያዘ ሰሚ-ሆሎው፣ ማለትም ሆዱ በከፊል ባዶ የሆነ ነው። ሰሪው ግን ሌላ ኩባንያ ነው። በብዛት የምጫወትበት ትዝታና ባቲ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር እንለማመዳለን፣ አንዳንዴም ሰርግ እንጠራለን።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው በሌላው የጊብሰን ሞዴል፣ በኢኤስ-330 ዓይነት ጊታር ላይ ነበር። ዋጋው ይቀንሳል፣ ከሩቅ ሲያዩት ደግሞ ከ335 አይለይም። አምስት ቁጥር ምን ያህል ይለያል ብዬ ነበር። ሱቁ ውስጥ አምፑ ላይ ሰክቼ ድምፁን ከፍ ሳደርገው ሳልነካው መጮህ ጀመረ። ስለ ስሞቹ ማንበብ የጀመርኩት የዚያን ቀን ማታ ነው።

ኢኤስ ማለት «ኤሌክትሪክ ስፓኒሽ» ነው። ስፓኒሽ የተባለው ጭን ላይ ተጋድሞ ከሚመታው የሃዋይ ጊታር ለመለየት ነው። ቁጥሩ ድሮ ከዋጋ ጋር የተያያዘ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው ኢኤስ-175 ስሙን ያገኘው ከ175 ዶላሩ ነው። ከቁጥሩ በኋላ የሚመጡት ፊደሎች ደግሞ እንዲህ ይነበባሉ፦ ቲ ቀጭን ገላ፣ ዲ ሁለት ፒክአፕ፣ ሲ ቼሪ፣ ኤን የእንጨቱ የራሱ ቀለም። ስለዚህ ኢኤስ-335ቲዲሲ ሲባል ቀጭን፣ ባለ ሁለት ፒክአፕ፣ ቼሪ 335 ማለት ነው። የ335 ዘመዶች በሆኑት 345 እና 355 ላይ የሚታየው ኤስቪ ስቴሪዮና ቫሪቶን (የድምፁን ቃና የሚለዋውጥ ማዞሪያ) ነው።

ዋናው ነገር ግን ፊደሎቹ ላይ የለም። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው 335 ሆዱ ውስጥ ከአንገቱ እስከ ጭራው የሚሄድ የሜፕል ግንድ አለው። በዓመቱ የመጣው 330 ግን ሆዱ ባዶ ነው። ሁለቱም ቲዲ ይባላሉ! ልዩነቱን የያዘችው ያቺ የናቅኋት አምስት ቁጥር ናት። ጩኸቱን የሚያፍነውም ያ ግንድ ነው።

ጊታሩ ላይ ለውጥ ላደርግ ስል ይህ ሁሉ ጠቀመኝ። የኔው የመጣው በትራፒዝ ጭራ፣ ማለትም ክሮቹን ከገላው ጫፍ በሚይዝ ረጅም ብረት ነበር፤ እኔ የፈለግኩት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ 335ዎች የነበራቸውን፣ ገላው ላይ የሚታሰረውን አጭር ብረት ነው። ግንድ ስላለው ባለሙያ በአንድ ከሰዓት ሰራልኝ። 330 ቢሆን ብሎኑ የሚነክሰው እንጨት አያገኝም ነበር። ድምፁ ትንሽ ጠንከር አለ፤ ተአምር ግን አትጠብቁ።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው የውስጡ ሽቦ ነው። ቮልዩሙን ወደ ሰባት ሳወርደው ድምፁ ብርድ ልብስ እንደለበሰ ይታፈን ነበር። ትዝታን ዝግ አድርጎ መጫወት ለሚወድ ሰው ይሄ ከባድ ነው። አራቱንም ፖቶች (የቮልዩምና የቶን ማዞሪያዎቹን) በ500 ኪሎ ኦም፣ ቀጭን ድምፆችን የሚቀንሱትን ካፓሲተሮች በ0.022 ማይክሮፋራድ ቀየርኩ። ካፓሲተሩን የበየድኩት የ1950ዎቹ አሰራር እንደሚለው ቮልዩም ፖቱ መሃለኛ እግር ላይ፣ ማለትም መውጫው ላይ ነው። አሁን ሦስት ላይ እንኳ ቢሆን ቀጭኗ ክር ጥርት ብላ ትሰማለች።

ስራው ግን ትዕግስት ይፈትናል። ከኋላ የሚከፈት ክዳን የለም፤ ሁሉም የሚገባውና የሚወጣው ፊቱ ላይ ባለው፣ የኤፍ ፊደል ቅርፅ ባለው ቀዳዳ (ኤፍ ቀዳዳ) ነው። የፖቶቹን አቀማመጥ ካርቶን ላይ ቀድቼ ብየዳውን እዚያው ላይ ጨረስኩ። የጊታሩ ቀዳዳዎች 8 ሚሊሜትር ነበሩ፣ አዲሶቹ ፖቶች 9.5 ይፈልጋሉ። ድሪል አታስጠጉ፣ ፊቱን ይሸርፈዋል፤ በእጅ ማስፊያ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ከዚያ በየፖቱ አንገት ላይ የጥርስ ክር አስሬ፣ ክሩን ከውስጥ በየቀዳዳው አውጥቼ አንድ በአንድ ሳብኳቸው። ሦስተኛው ላይ ክሩ ተበጠሰና ፖቱ ሆዱ ውስጥ ገባ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ስሰራው ክሩን ደርቤ አሰርኩ።

በሰባተኛው ወር ሰርግ ላይ ድምፁ ድንገት ጠፋ። ገመዱ የሚሰካበት ጃክ ላልቶ ሲዞር ሽቦውን ጠምዝዞ በጥሶታል። ጥርስ ያለው ዋሸር ከስር አስገባሁ፣ ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም። ክረምት ላይ ደግሞ የቤት ማሞቂያው አየሩን ሲያደርቀው አንገቱ ስለሚቀየር የክሮቹ ከፍታ ይለዋወጣል፤ መያዣው ውስጥ እርጥበት መጠበቂያ አኑሬያለሁ። ፒክአፖቹን ልቀይር አስቤ ነበር፣ ሽቦው ከተስተካከለ በኋላ ግን ተውኩት።

ልትገዙ ስትሄዱ የስልካችሁን መብራት በአንዱ ኤፍ ቀዳዳ አስገቡ። መብራቱ አቋርጦ በሌላኛው ቀዳዳ ከወጣ ሆዱ ባዶ ነው። ግድግዳ የመሰለ እንጨት ከከለከለው ግንድ አለው፤ ሻጩ ምንም ብሎ ቢጠራው።