ድንጋይ ሳይወድቅ ጣሪያችንን ላወረደልን አናጺ

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ አባታችን የተወልን ቤት አራት ሱቅ ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ዝገት የበላው ቆርቆሮ። ክረምት በመጣ ቁጥር ባልዲ ስንደረድር ኖረን ዘንድሮ በቃን አልን።

መጀመሪያ ያናገርነው ሰውዬ «ምን አላት፣ በአንድ ቀን አወርዳታለሁ» አለ። ዋጋውም ርካሽ ነበር። ልንስማማ ስንል ጎረቤታችን ይሄንን አናጺ ጠቆመን። እግዜር ይስጠው።

አናጺው ቆርቆሮውን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ግድግዳውን ዞረው። ስንጥቅ ያለበት ጋ እየቆመ በጣቱ ይከተላል። «እትዬ፣ ይሄን ግድግዳ ከላይ የያዘው ጣሪያው ነው። እሱ ሲነሳ ብቻውን ይቆማል። የዚህን ከተማ ንፋስ ደግሞ ያውቁታል» አለኝ። ንፋሱንማ! ከከተማው ወጣ ብለው የቆሙት ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉ።

ሁለት ቀን ሙሉ በባህር ዛፍ ሲደግፍ ዋለ። በተለይ ጫፍና ጫፍ ያሉትን፣ ወደ ላይ የሾሉትን ግድግዳዎች ከውስጥም ከውጭም። እውነቱን ልናገር፣ ተናድጄ ነበር። ሱቆቹ ተዘግተዋል፣ ኪራይ የለም፣ አንድ ቆርቆሮ እንኳ አልተነቀለም።

መብራቱ ሳይቆረጥ ማንንም ጣሪያ ላይ አላወጣም። ብርሃን እንዲያስገባ የተመታውን ፕላስቲክ በቀይ ቀለም ከበበውና አብረውት የሚሠሩትን ልጆች «ይቺን የረገጠ ሱቅ ውስጥ ነው የሚገኘው» አላቸው። ሁሉም በገመድ ታስረው ከኮልሞው፣ ከጣሪያው አናት ክዳን፣ ጀመሩ። አንዴ ከዚህ ወገን፣ አንዴ ከዚያ፣ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን እንዳያደላ። የተነቀለው በገመድ ይወርዳል እንጂ አይወረወርም። ካፕሪያታዎቹም፣ ጣሪያውን የሚሸከሙት ባለ ሦስት ማዕዘን እንጨቶች፣ አንድ በአንድ። ቀሪዎቹን የሚያያይዘው እንጨት ቀድሞ ከተነሳ ተራ በተራ ይተኛሉ አለ።

ንፋሱን ለማየት መሰላሉ ጫፍ ላይ ብጣሽ ጨርቅ አስሯል። አራተኛው ቀን ላይ ጨርቁ ቀጥ ብሎ ተጋደመ። «ውረዱ!» ግማሽ የተነቀለችውን ቆርቆሮ መልሰው መቱና ወረዱ። የዚያን ቀን ሥራ በዚሁ አለቀ፤ እኔም መናደዴን ተውኩ።

በስድስት ቀን ጨረሰ። ከግድግዳው አንድ ድንጋይ አልወደቀም፣ አንድም ልጅ አልተጫረ። ዋጋው ከሌላው ወደድ ይላል፣ ችኩል ለሆነ ሰውም አይመችም። እኔ ግን አዲሱን ጣሪያም ለሱ ሰጥቻለሁ።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ማታ ደውሉለት፤ ጣሪያ ላይ ሆኖ ስልክ አያነሳም።