ከከዚራ የገዛሁት ካናሪ

ፀጉር ቤቴ ውስጥ ሬዲዮ ሰለቸኝና ካናሪ የሚባለውን ዘማሪ ወፍ ልግዛ ብዬ ከዚራ ወዳለች አንዲት ትንሽ ሱቅ ሄድኩ። የድሬ ሙቀት ቆርቆሮው ስር አይጣል ነው። ግን የሽቦ ቤቶቹ ንጹህ፣ ውሃውም የተቀየረ ነበር። ዋጋው ይቆነጥጣል።

«አቦ፣ ይሄን ጫጩት ውሰድ። በስልክ ዜማ ክፈትለት፣ በሳምንት ይቀዳዋል» አለኝ ሻጩ።

ቀዳልኝ! ሁለት ወር ስልኬ ሲጮህ ከረመ፤ ወፉ ግን ከማጉተምተም አላለፈም። ደንበኞቼ «ታሟል እንዴ?» ይሉኛል።

ባዮሎጂ የምትማረው ልጄ ሳቀችብኝ። «አባዬ፣ ሕፃን አፉን እንደሚፈታው ነው» አለች። ወፉ መጀመሪያ ይሰማል፣ ከዚያ ይንተባተባል፣ ራሱን እየሰማ ያርማል። ጭንቅላቱ ውስጥ ሁለት የነርቭ መስመር አለ። አንዱ ኤችቪሲ ከሚባል ቦታ ተነስቶ አርኤ ወደሚባለው ይወርዳል፤ ድምፁን የሚያዘው እሱ ነው። ተመራማሪው ፈርናንዶ ኖተቦምና ባልደረቦቹ ይህን በ1976 እ.ኤ.አ. ያሳዩት በካናሪ ላይ ነው፤ ደስ አለኝ፣ የኔው ወፍ ዘመድ! ሌላው መስመር ኤሪያ ኤክስ በሚባል ቦታ ዞሮ ይመለሳል። የመሞከርና የመሳሳት ሥራው እዚያ ነው። ይሄ መስመር በጫጩትነት ከተጎዳ ዜማው ሳይስተካከል ይቀራል።

ስልክ ደግሞ እንደ ሕያው አስተማሪ አይሆንም አለችኝ። ተመልሼ ሄጄ ለሻጩ ነገርኩት። ሳይከራከር ትልቅ ወንድ ካናሪ አዋሰኝ፤ ይሄን አልክድም። አሁን ሁለቱ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ትንሹ ትናንት አንዲት ቁራጭ ዜማ አስተካክሎ አወጣ፤ የምላጨው ሰውዬ ዘወር ሲል ጆሮውን ልቆርጠው ነበር።