የእሳተ ገሞራ ሸለቆ ወይስ የቀድሞው የባቡር መስመር?

በምዕራብ ጀርመን በሚገኘው ተራራማው የአይፈል አካባቢ በብስክሌት መጓዝ የሚሻ ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ እሳተ ገሞራ በበዛበት ምድር የወንዝ ሸለቆዎችን የጠጠር መንገድ መከተል፣ ወይም ሐዲዱ ተነሥቶ ለብስክሌት በተመቻቸው መስመር መንዳት።

ዋናው ልዩነት ድካሙ ነው። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል መሐንዲሶቹ ኮረብታውን በዋሻ፣ ሸለቆውን በድልድይ አልፈውታል፤ ስለሆነም ከዳውን ከተማ ተነሥቶ ወደ ሞዝል ወንዝ የሚያመራው 58 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መንገድ ለጀማሪም አይከብድም። በሸለቆዎቹ ውስጥ ግን አጫጭር ዳገቶች ይደጋገማሉ፤ ቀላል ማርሽ የሌለው ብስክሌት የያዘ ሰው ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ለመሄድ ይገደዳል።

ወጪው በአብዛኛው የጎማ ነው። ለባቡሩ መስመር አስፋልት 32 ሚሊ ሜትር የጎማ ስፋት ይበቃል፤ በሸለቆው ስለታም ጠርዝ ባለው የባዝልት (የእሳተ ገሞራ አለት) ጠጠር ላይ ግን ከ40 በታች ባልመርጥ ይሻለኛል፣ የጎማው ጎን ቶሎ ይቀደዳልና።

አደጋውም የተለያየ ነው፦ በሸለቆው እርጥብ ቅጠልና የተፈናቀለ ጠጠር፣ በባቡሩ መስመር ደግሞ የዋሻ ጨለማና ብርድ።

የመልክዓ ምድሩ ውበት ለሸለቆው ብቻ የተተወ አይደለም። የቀለጠ አለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ ከተፈጠሩት ክብ ሐይቆች አንዱ፣ የሻልከንሜረን ሐይቅ፣ ለባቡሩ መስመር ቅርብ ነው።

ከልጆች ጋር ለሚጓዝ ወይም ጓዝ ለጫነ ሰው የባቡሩ መስመር ይስማማል፤ ብስክሌቱን በሚገባ ለሚቆጣጠርና ጸጥታን ለሚሻ ሸለቆው ይመረጣል።