አር36ኤስ ወይስ አርጂ35ኤክስኤክስ ኤች? የ20 ዶላሩ ልዩነት የት ይገባል

«የድሮ ጌም የሚያጫውት፣ በእጅ የሚያዝ ነገር ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ሳይጨርስ ሌላ ጥያቄ ያስከትላል፦ «በ35 ዶላር የሚሸጠው አር36ኤስ እያለ ለምን ለአርጂ35ኤክስኤክስ ኤች 60 እከፍላለሁ?» መልሱን ከወዲሁ እንናገረው። ገንዘቡ ከተገኘ አንበርኒክ የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን አርጂ35ኤክስኤክስ ኤች ግዙ። አር36ኤስ ኦርጅናሉ ከደረሳችሁ ጥሩ ዕቃ ነው። ችግሩ ኦርጅናሉ እንደሚደርሳችሁ ማንም ዋስትና አለመስጠቱ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን መጫወት የምትፈልጉትን ለዩ። በጌም ቤት ያደገ ሰው «ፕሌይስቴሽን» ሲል ብዙ ጊዜ በልቡ ያለው የፕሌይስቴሽን 2 ኳስ ነው። እዚህ ከምናነጻጽራቸው ውስጥ ፕሌይስቴሽን 2ን የሚያጫውት አንድም የለም፤ ሻጩ «ሁሉንም ያነሳል» ቢል አትመኑት። ለዚያ ሬትሮይድ ፖኬት 5ን የመሰለ፣ ስናፕድራገን 865 የተባለው የስልክ ቺፕ የገባለትና እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ 200 ዶላር አካባቢ ይሸጥ የነበረ የአንድሮይድ ዕቃ ያስፈልጋል። ከ30 እስከ 70 ዶላር ያሉት የሚችሉት ከካሴት ዘመን ኒንቴንዶ፣ ከሱፐር ኒንቴንዶ፣ ከሴጋ ሜጋ ድራይቭና ከጌም ቦይ አድቫንስ ጀምሮ እስከ ፕሌይስቴሽን 1 ነው። ኒንቴንዶ 64 እና ድሪምካስት ከፊሉ ይሄዳል፣ ከፊሉ ይንቀራፈፋል። ከፒኤስፒ ደግሞ ቀላል ቀላሉ ብቻ ይሠራል።

ዋጋው በትክክል ሲሰላ

ዋጋውን በዶላር የምንጽፈው የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ በብር የተጻፈ ዋጋ ቶሎ ስለሚያረጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 እና በ2025 በአሊኤክስፕረስ አር36ኤስ ከ30 እስከ 40 ዶላር፣ ሦስተኛው አማራጭ ሚዩ ሚኒ ፕላስ ከ50 እስከ 60፣ አርጂ35ኤክስኤክስ ኤች ደግሞ ከ55 እስከ 70 ዶላር አካባቢ ይሸጡ ነበር። አሜሪካ ያላችሁ አንድ ነገር ጨምራችሁ አስሉ፦ ከቻይና ለሚላክ ከ800 ዶላር በታች ለሆነ ዕቃ የነበረው ከቀረጥ ነፃ መብት እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 2025 ተነስቷል። ስለዚህ በማስታወቂያው ላይ ያለውን ዋጋ ትታችሁ በመጨረሻው ክፍያ ላይ የሚመጣውን ድምር ተመልከቱ።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። አር36ኤስ 35 ዶላር ነው እንበል። አብሮት የሚመጣው ሚሞሪ ካርድ የማይታመን ስለሆነ ኦርጅናል የሳንዲስክ ወይም የሳምሰንግ 64 ጊጋ ትገዛላችሁ፣ 10 ዶላር ገደማ። ዋይፋይ ስለሌለው በዩኤስቢ ለሚሰካ የዋይፋይ ማገናኛ 5 ዶላር ይጨመራል። ድምሩ 50 ዶላር መጣ። አርጂ35ኤክስኤክስ ኤች 60 ቢሆንና ያንኑ ሚሞሪ ብትገዙለት 70 ይሆናል። በ25 ዶላር የጀመረው ልዩነት ወደ 20 ወረደ። በዚህች 20 ዶላር ዋይፋይ፣ ብሉቱዝና ከቴሌቪዥን ጋር የሚያገናኝ ሚኒ ኤችዲኤምአይ ታገኛላችሁ። ከቻይና ኮፒ ጋር ዕጣ ከመጣልም ትድናላችሁ።

ኤችዲኤምአዩን አትናቁት። ሁለት የዩኤስቢ ወይም የብሉቱዝ ጆይስቲክ ጨምራችሁ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር ካገናኛችሁት ለሁለት ሰው ይሆናል፣ የፕሌይስቴሽን 1 ኳስ ደግሞ ለብቻ ሲጫወቱት ጣዕም የለውም። አር36ኤስ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝበት ቀዳዳ የለውም። ገመዱን ስትገዙ ግን አንደኛው ጫፍ ሚኒ መሆኑን አረጋግጡ፤ ማይክሮ ኤችዲኤምአይ ሌላ ነው፣ አይገባም።

«128 ጊጋ፣ 15 ሺህ ጌም» የሚለውን ጨመር አድርጋችሁ አትግዙ። ያ ቁጥር የሚሞላው አንዱን ጌም በጃፓንኛ፣ በእንግሊዝኛና በአውሮፓ ቅጂ በመደጋገም ነው። የጌም ቦይ አድቫንስ ጌም ትልቁ 32 ሜጋባይት ነው፤ የሱፐር ኒንቴንዶው ከ6 አይበልጥም። ቦታ የሚበሉት የዲስክ ጌሞች ናቸው፤ የፕሌይስቴሽን 1 አንዱ ሲዲ እስከ 700 ሜጋባይት ይደርሳል፤ እሱንም ከራሳችሁ ዲስክ ገልብጣችሁ ሲኤችዲ ወደሚባለው የታመቀ ፎርማት ስትቀይሩት ይቀንሳል። ለአብዛኛው ሰው 64 ጊጋ ይበቃዋል።

አር36ኤስ ኦርጅናል መሆኑን ማወቅ

አር36ኤስ የያዘው ቺፕ ሮክቺፕ 3326 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በወጣው ኦድሮይድ ጎ አድቫንስ ውስጥ የነበረው ራሱ። ቺፑ ያረጀ ቢሆንም አርክ ኦኤስ የተባለው ሶፍትዌር በዚሁ ቺፕ ላይ ለዓመታት ተፈትኗል፤ ዕቃው የተወደደውም ለዚህ ነው። ኮፒዎቹ ሽፋናቸው፣ ቀለማቸውና ካርቶናቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ውስጣቸው ያለው ቦርድ ሌላ ነው። ከኢንተርኔት የወረደውን አርክ ኦኤስ በሚሞሪ ጽፋችሁ ስታስገቡ አይነሳም። ሚሞሪው ቀድሞ ሳይገለበጥ የተበላሸ ዕለት ዕቃው እንዳለ ይሞታል ማለት ነው።

መለያው እንዲህ ነው። ስታበሩት «ኢሙኤሌክ» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ኮፒ ነው። ስታርትን ተጭናችሁ የሚከፈተው ምናሌ ግርጌ ላይ «አርክ ኦኤስ» የሚል ስም ከነቀኑ ከተጻፈ ጥሩ ምልክት ነው። እርግጠኛው ፈተና ግን በሌላ ሚሞሪ ላይ ለአር36ኤስ የተዘጋጀ አርክ ኦኤስ ጽፎ ማስነሳት ነው።

ኦርጅናሉም ቢሆን ወጥመድ አለው። ፋብሪካው ቢያንስ አራት ዓይነት ስክሪን እየቀያየረ ገጥሟል። ሶፍትዌሩ የትኛው እንደተገጠመ የሚያውቀው ዲቲቢ በሚባል ፋይል ነው። ያለ ትክክለኛው ፋይል አዲስ ሶፍትዌር ብትጭኑ መብራቱ ይበራል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ይሆናል። ብዙ ሰው ይኼኔ «ዲስፕሌዩ ተቃጠለ» ብሎ ወደ ጥገና ይወስደዋል፤ የተቃጠለ ነገር ግን የለም። ዕቃው እንደደረሰ የመጣበትን ሚሞሪ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ «ቡት» በሚለው ትንሽ ክፍል ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ በተለይ የዲቲቢ ፋይሉን፣ በአንድ ፎልደር አስቀምጡ። አዲሱን ሶፍትዌር ከጻፋችሁ በኋላ ያንኑ ፋይል ከአዲሱ ላይ ተኩት። ስክሪኑ በእውነት ከተሰበረ ደግሞ ምትክ ስታዙ በስሙ ብቻ አትዘዙ፤ በጠፍጣፋው ገመድ ላይ የታተመውን ቁጥር አመሳክሩ።

ለሁለቱም ግድ የሆነው የሚሞሪ ሥራ

አብረው የሚመጡት ስም የለሽ ሚሞሪዎች ይዋል ይደር እንጂ ይሞታሉ። በሰላሙ ቀን ቀይሩት። ዊንዶውስ ላይ ስትሰኩት «ይህን ዲስክ ፎርማት ላድርገው?» የሚል መልእክት ደጋግሞ ይመጣል፤ ዊንዶውስ የሊኑክስን ክፍል ማንበብ ስለማይችል ነው። እሺ ካላችሁት ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ «ካንስል» በሉ። ከዚያ በዊን32 ዲስክ ኢሜጀር ሙሉውን ሚሞሪ ወደ አንድ ፋይል ገልብጡ፤ አዲሱ ሚሞሪ ላይ በባሌና ኤቸር ጻፉት። አዲሱ ከአሮጌው በጥቂቱም ቢያንስ ስለማይበቃ፣ 64 ጊጋ በ64 ለመተካት ከመሞከር ወደ 128 መሄድ ወይም ሶፍትዌሩን ከመነሻው መጫን ይቀላል። ለአርጂ35ኤክስኤክስ ኤች ሙኦኤስ ወይም ክኑሊ የተባሉት ሶፍትዌሮች ከፋብሪካው በጣም ይሻላሉ።

አዲሱንም ሚሞሪ ቢሆን ከመጠቀማችሁ በፊት ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሞክሩት። ላዩ ላይ 128 ተጽፎበት ውስጡ 16 ብቻ የሆነ ፎርጅድ ሞልቷል፤ ከ16 ያለፈው ጌም የተጻፈ ይመስላል እንጂ አይገኝም። ሁለቱም ዕቃዎች ሁለት የሚሞሪ ማስገቢያ ስላላቸው ሶፍትዌሩን በአንዱ፣ ጌሞቹን በሌላው ብታደርጉ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይተርፋል።

ሴቭ እየጠፋባቸው የሚማረሩ ብዙ ናቸው። ጌሞቹን የሚያጫውተው ሬትሮአርች የተባለው ፕሮግራም ጌሙ ውስጥ ሴቭ ያደረጋችሁትን ወደ ሚሞሪ የሚጽፈው ከጌሙ ስትወጡ ነው፤ ባትሪው ቀድሞ ካለቀ አብሮ ይጠፋል። «ሴቪንግ» በሚለው ውስጥ «ሴቭራም ኦቶሴቭ ኢንተርቫል» የሚለውን 60 ሰከንድ አድርጉት።

ቻርጅና ጥገና

አር36ኤስ በሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ቻርጅ አያደርግም። ቻርጀሩ «ዕቃ ተሰክቷል» ብሎ የሚያውቅበት 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ቀዳዳው ላይ ስላልተገጠመ ነው። በአንድ ጫፉ የድሮው ሰፊ ዩኤስቢ፣ በሌላው ታይፕ ሲ የሆነ ገመድ ተጠቀሙ። ለሦስቱም ዕቃዎች የአዳዲስ ስልኮችን ፈጣን ቻርጀር ትታችሁ ተራ 5 ቮልት የሆነውን ብትይዙ ይሻላል።

የቻርጅ ቀዳዳ መቀየርና ባትሪ መተካት ማንኛውም ጎበዝ የሞባይል ጠጋኝ የሚሠራው ሥራ ነው። ምትክ ባትሪ ሲገጠም ግን ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ በሶኬቱ ላይ የቆሙበት ተራ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን እዩ፤ ሶኬቱ ገጥሞ ሽቦው ሲገለበጥ ቦርዱ ይቃጠላል። ሽፋኑን ከመፍታታችሁ በፊት ሚሞሪዎቹን አውጡ፣ አለበለዚያ ሽፋኑ ሲነሳ ማስገቢያውን ይሰብረዋል። መጫኛው አልታዘዝ ሲል ከሥሩ ያለውን ላስቲክና የቦርዱን ጥቁር ነጥብ በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ እንጂ በቤንዚን አትንኩት።

የቀሩት

ሚዩ ሚኒ ፕላስ ውብ ዕቃ ነው። ኦኒየን የተባለው ሶፍትዌሩ ከሁሉም የተስተካከለ ነው፤ 3000 ሚሊአምፕ ባትሪውም ያለ ብሎን ይወጣል። ነገር ግን አናሎግም (በአውራ ጣት የሚገፋው ዱላ) ኤችዲኤምአይም የለውም፣ ኒንቴንዶ 64ንም አይሞክረውም። ለጌም ቦይ ብቻ ለሚፈልግ ወይም ለትንሽ ልጅ ካልሆነ በዚህ ዋጋ አርጂውን እመርጣለሁ።

በየሱቁ «400 በ1» ተብሎ የሚሸጠው ሱፕ መጫወቻ ጌሙ ቺፑ ውስጥ የታተመ ነው፤ አይጨመርበትም፣ ሴቭም አያደርግም። አንድ መልካም ነገር አለው፦ ባትሪው የኖኪያ ቢኤል-5ሲ ስለሆነ የትም ይገኛል። ለልጅ ስጦታ 10 ዶላር ከሆነ ይሁን፤ ከዚያ በላይ አይገባውም። ኤክስ7 እየተባለ የፒኤስፒ መልክ ይዞ የሚመጣውን ግን ጭራሽ ተዉት። የፒኤስፒ ጌም አያጫውትም፣ ሶፍትዌሩም አይቀየርም።

እውነተኛው ያገለገለ ፒኤስፒ ለፒኤስፒ ጌሞች ከሁሉም ይሻላል። ሶኒ ለገበያ ማቅረቡን እ.ኤ.አ. በ2014 ስላቆመ «አዲስ ኦርጅናል ባትሪ» የሚላችሁን አትመኑ። የኋላ ክዳኑ ካበጠ ባትሪው አብጧልና ዋጋውን ከመከራከራችሁ በፊት ክዳኑን አስከፍቱ።

ዕቃውን ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ላለ ዘመድ አስልካችሁ በሻንጣ ልታስመጡ ከሆነ፣ እዚያው እንደደረሰ ካርቶኑን ሲከፍት ቪዲዮ ይቅረጽ፤ አብርቶ ሁሉንም መጫኛ፣ ሁለቱን አናሎግ፣ ድምፁን፣ ቻርጁንና ሁለተኛውን የሚሞሪ ማስገቢያ ይሞክር። አሊኤክስፕረስ ላይ አቤቱታ ማቅረቢያው ጊዜ አጭር ነው፤ ሻንጣው ቦሌ እስኪደርስ ከተጠበቀ ያልፋል። ሲመጣም ከነባትሪው ስለሆነ በእጅ ሻንጣ፣ ጠፍቶ ይምጣ።